የሃክልፎርዱ ሊቀ ዘንዶ

ሰው ባለው ነገር ይኮራል ይባላል። እኔ አላምንበትም። ቤት ያለው ሰው ጣሪያው ማፍሰሱን ያማርራል፤ ላም ያለው ላሟ ወተት ነሳችኝ ይላል። ወሰን የሌለው ኩራት የሚገኘው ማንም አይቶት የማያውቅ፣ ቀለብ የማይጠይቅና ግብር የማይከፈልበት ሀብት ባለው ሰው ዘንድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየአገሩና በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። አንዱ ጋ ሀብቱ የቅድመ አያቱ ጀግንነት ነው፤ ሌላው ጋ ድሮ ተአምር ይሠራ የነበረ ደረቅ ምንጭ ነው። እኛ ጋ፣ በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድሺር ገጠር፣ ሃክልፎርድ በሚባለው መንደር፣ ዘንዶ ነው።

የዘንዶው ባለቤት፣ ጠበቃ፣ አፈ ጉባኤና የቅርብ ዘመድ ክቡር ሚስተር ጎድፍሪ ፕሪስ ይባላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ትራክተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጉብጠቱ ከትራክተር ሥር ሲገቡና ሲወጡ የመጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሳቸው ግን «የሃክልፎርድ ሰው ድሮም ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ከዘንዶው ዘመን የቀረ ጥንቃቄ ነው» ይላሉ።

እኔ የመንደሩ ብቸኛ መጠጥ ቤት ባለቤት ስለሆንኩ ይህን ሁሉ ከባንኮኒ ጀርባ ሆኖ የማዳመጥ ዕጣ የወጣው ለኔ ነው። በጋብቻ ከሌላ አውራጃ መጥቼ ሠላሳ ዓመት ግድም ኖሬአለሁ፤ ሚስተር ፕሪስ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ እስከ ዛሬ «ይቺ አዲሷ ናት» ነው የሚሉት። በመጠጥ ቤቴ ስምም ተጣልተናል። ስሙ «የሰከረው ዘንዶ» ነው፤ ከኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ናቸው ያወጡት። እሳቸው ግን ስሙ ታሪክ ያዛባል ብለው «የሞተው ዘንዶ» ተብሎ እንዲለወጥ ብዙ ደጅ ጠኑ። የሞተ ነገር ስም ያለበት ቤት ገብቶ ማን ምሳ ይበላል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የሃክልፎርድ ሰው ይበላል» አሉኝ፤ በደረቁ።

መንደሩ ከጀርባቸው ማዕረግ ሰጥቷቸዋል፤ ሊቀ ዘንዶ። በኋላ በፊታቸውም በዚሁ ስም መጥራት ተጀመረ። ሹመቱ የቀልድ መሆኑን ያወቁ አይመስለኝም፤ አንድ ጊዜ ሰው በዚህ ስም ሲጠራቸው ኮፍያቸውን በትንሹ አንሥተው ሲያልፉ አይቻለሁ።

ሊቀ ዘንዶ ሁለት አባባል አላቸው። አንደኛው «በትሕትና ነው የምናገረው» የሚል ሲሆን፣ ከሱ ቀጥሎ ትሕትና ያለበት ንግግር ተሰምቶ አይታወቅም። ሁለተኛው «ቆመውበታል» ነው። እንግዳ ሰው ወደ መንደሩ ገብቶ የትም ይቁም፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም ይሁን በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ ሚስተር ፕሪስ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከጎኑ ይገኛሉ። መሬቱን ጎንበስ ብለው ያዩታል። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ በሐዘን ድምፅ «ቆመውበታል» ይላሉ። ምስኪኑ ሰው ደንግጦ እግሩን ሲያነሣ፣ «ጅራቱ እዚህ ነበር» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ማምለጫ የለም።

አንድ ጊዜ ጀርመናውያን ባልና ሚስት መጸዳጃ ቤት ፍለጋ መኪናቸውን በራችን ላይ አቆሙ። ሚስትየዋ ቀድማ ወደኔ ገባች፤ ባልየውን ሚስተር ፕሪስ አገኙት። ሴትዮዋ ጉዳይዋን ጨርሳ፣ ሻይ ጠጥታ፣ ምሳ በልታ፣ በመጨረሻም የመቃብሮቹን ጽሑፍ ሁሉ ዞራ አንብባ ባሏን ፍለጋ ብትወጣ፣ ኮረብታው ላይ ተንበርክኮ ሣር ሲያሸት አገኘችው። ምን እንደሚያሸት ብትጠይቀው ጭስ አላት። ባልየው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ለሚስተር ፕሪስ የገና ካርድ ይልካል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ባጭሩ ማለቴን ሊቀ ዘንዶ ቢሰሙ ይቀየሙኛል። በጥንት ዘመን አንድ እሳት የሚተፋ አረንጓዴ ዘንዶ ከወንዙ ማዶ ካለው ጫካ እየወጣ የሃክልፎርድን በጎች ይጨርስ ነበር። ባላባቱ ፈራ፣ ወታደሩ ሸሸ፣ ካህኑ አሞኛል ብሎ ተኛ። የሃክልፎርድ ሰዎች መከሩና የዓመቱን ሲደር፣ ያን የፖም ጠላችንን፣ በትልቅ በርሜል ሞልተው መንገዱ ላይ አቆሙለት። ዘንዶው በግ በልቶ ጠምቶት ነበርና አንድም ጠብታ ሳያስቀር ጨለጠው። ቀጥሎ ሊያገሳ አፉን ሲከፍት በሆዱ ያለው መጠጥ በጉሮሮው ካለው እሳት ጋር ተገናኘ። እዚህ ላይ ሚስተር ፕሪስ ጠረጴዛ ይመታሉ፤ የደንበኞቼም ብርጭቆ ይዘላል። ኮረብታችን ላይ ሣር የማይበቅልበት ረጅም መላጣ አለ፤ ዘንዶው የወደቀበት እሱ ነው። አንድ የአፈር ባለሙያ መሬቱ ድንጋይ በዝቶበት ነው ብሎ ነበር። ያ ሰው ሁለተኛ እዚህ አልታየም።

ሌላ አገር ዘንዶ የሚገድለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በሰማዕቱ በዓል ቀን ቄሳችን ስለ ፈረሱና ስለ ጦሩ ሲሰብኩ ሚስተር ፕሪስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። በትሕትና ነው የምናገረው ብለው ከጀመሩ በኋላ፣ ለሰማዕቱ ትልቅ አክብሮት እንዳላቸው፣ ሌላው አውራጃ ሰማዕቱን ለእርዳታ መጥራቱም የሚያስወቅሰው እንዳልሆነ ገለጹ። «እዚህ ግን አላስፈለጉንም። እኛው ጨርሰነዋል» ብለው ተቀመጡ። ቄሱ መዝሙር አስጀመሩ።

ከዩኒቨርሲቲ የመጣች አንዲት ተመራማሪም ነበረች። እንዲህ ያሉ ወሬዎች ብዙ ጊዜ መነሻቸው በጥንታዊ ባላባቶች ጋሻ ላይ የተሣለ ሥዕል እንደሆነ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ቁጭ ብላ በዝግታ አስረዳቻቸው። ሚስተር ፕሪስ በጥሞና ሰሟት። ስታበቃ፣ ታዲያ ሠዓሊው ዘንዶውን የት አይቶ ሣለው ብለው ጠየቋት። መልስ ነበራት፤ ረጅምና ጥሩ መልስ። ሆኖም ሊቀ ዘንዶ ጥያቄ የሚጠይቁት መልስ ለመስማት አይደለም፤ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ በዘንዶው ፈንታ ሌላ ነገር ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው አይቆምም። እንዲቆም ከወዲያ ማዶ የሚገፋው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ሚስተር ፕሪስን ስልሳ ዓመት ሙሉ አቁማ የኖረችው ወይዘሮ ኢኒድ ግዊልየም ናት።

ኢኒድ የኔዘርሎ ሰው ናት። ኔዘርሎ ከወንዙ ማዶ ያለ መንደር ነው፤ ከኛ የሚለየው ድልድዩና ዘንዶው ብቻ ነው። «ናት» ያልኩት ንቄ አይደለም። ኢኒድ አንቱታ አትወድም፤ አንቱ የሚሉኝ መቃብሬን የለኩ ሰዎች ናቸው ትላለች። ስለዚህ ትልቅ ትንሹ አንቺ ይላታል፤ ከሚስተር ፕሪስ በቀር። እሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ሆን ብለው፣ ቃሉን ሳብ አድርገው፣ «እርስዎ» ይሏታል። አጭር፣ ክብ፣ ንብ አርቢ ሴት ናት፤ የንብ መከላከያ ኮፍያዋን ለቤተ ክርስቲያንም ለገበያም ታደርገዋለች።

በኢኒድ ታሪክ ዘንዶው አልሞተም። ጫካው የኔዘርሎ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የተፈለፈለው ዘንዶ የኔዘርሎ ልጅ ነው። የሃክልፎርድን ሲደር ጠጥቶ ሆዱን ታመመ፤ ኮረብታው ላይ ትንሽ ጋደም አለ፤ ሲሻለው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በስተርጅናም ከዘመዶቹ መካከል በሰላም ዐረፈ። የሃክልፎርድ ሲደር እንኳን ዘንዶ ዝንብ አይገድልም ስትል ደግሞ ነገሩ ለኔም፣ ለባለ መጠጥ ቤቷ፣ ይደርሰኛል።

ኔዘርሎ ትምህርት ቤት ስላልነበረው ሁለቱ የተማሩት አንድ ክፍል ነው። መምህራቸው አንድ ቀን ዘንዶ ሣሉ ብላቸው እሳቸው የተጋደመ ዘንዶ ሣሉ፤ እሷ የቆመ ሣለች። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የዚያ ክርክር ተከታይ ነው።

አንድ ጊዜ ለጎብኚዎች ዋናው አስፋልት ዳር የዘንዶ ምልክት ሊተከል ታስቦ የሁለቱ መንደር ሰው ተሰበሰበ። ስብሰባውን የሚመራው ወጣት ሹም ቅን ልጅ ነበር። ምልክቱ ላይ «የሁለቱ መንደሮች ዘንዶ» ተብሎ ቢጻፍስ አለ። ሊቀ ዘንዶና ኢኒድ ከሁለት አቅጣጫ እኩል ተነሡ።

«ዘንዶ እንደ ቂጣ አይቆረስም» አሉ ሚስተር ፕሪስ።

«ዛሬ ገና እውነት ተናገሩ» አለች ኢኒድ።

የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው። ምልክቱ ያለ ስምና ያለ ቀስት ተተከለ። አሁን ጎብኚው ዘንዶውን ያያል፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚነግረው የለም።

ባለፈው ጸደይ፣ ፖሙ በሚያብብበት ሰሞን፣ ኢኒድ ከንብ ቀፎዎቿ አጠገብ ወድቃ ተገኘች። ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሷ ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን ከዳት፤ አንደበቷም ተዘጋ። ከሆስፒታል ወጥታ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መንከባከቢያ ስትገባ፣ ልጇ ሮዊና ሥራዋን ትታ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ዘመድ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ ቄሱ መጡ። ኢኒድ ሁሉንም በዓይኗ ተቀብላ በዓይኗ ሸኘች። ንግግር የምታለማምዳት ባለሙያ ብርጭቆ አንሥታ ብርጭቆ፣ ማንኪያ አንሥታ ማንኪያ ብትላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሮዊና መጠጥ ቤቴ መጥታ እንደነገረችኝ፣ ሐኪሞቹን ያሳሰባቸው መናገር አለመቻሏ ብቻ አልነበረም፤ መሞከር መተዋ ነበር።

ለሚስተር ፕሪስ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ግማሹን ሳይጠጡት ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አስፈራኝ። በመኪና የመጡ ጎብኚዎች ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ዘንዶው የት ነው ብለው ሲጠይቋቸው፣ በእጃቸው ወደ ኮረብታው ጠቁመው «እዚያ ነው» ብለው ሲያልፉ አየሁ። እዚያ ነው፤ በቃ። ጅራት የለም፣ በርሜል የለም፣ ትሕትና የለም። ለባሌ ሊቀ ዘንዶ ታመዋል አልኩት። እሱም አይቶ ኖሮ ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ሚስተር ፕሪስ ጸጉራቸውን ተስተካክለው፣ ከረባት አስረው፣ ምሳ ሳይደርስ የመጠጥ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። ዓይናቸው መንዳት ስለከለከላቸው ወደ ከተማ እንዳደርሳቸው ጠየቁኝ። መንገዱን ግማሽ ያህል ከሄድን በኋላ፣ መልስ መስጠት ለማይችል ሰው ምን ይባላል አሉኝ። ደስ የሚል ነገር ይነገረዋል አልኳቸው። በመስኮቱ አሻግረው እያዩ «በሕይወቴ ለዚያች ሴት ደስ የሚል ነገር ነግሬያት አላውቅም» አሉ።

ሮዊና በሩ ላይ አመነታች። ሐኪሞቹ እንዳትናደድ ብለው አዘውናል አለች። ሚስተር ፕሪስ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ አየሩ ብቻ እንደሚያወሩ ቃል ገቡ። እውነትም ስለ አየሩ አወሩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ፖሙ አበባ፣ ጎረቤት በደንብ ስለሚጠብቃቸው ንቦቿ። «እርስዎ» እያሉ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ቃሉን አልሳቡትም። ኢኒድ ግድግዳውን ታያለች። እኔ ጫማዬን አያለሁ። ወሬው አለቀ።

ሚስተር ፕሪስ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ኢኒድ» አሉ። በስሟ ሲጠሯት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ኢኒድ፣ አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። ዘንዶው ሊሞት ሲል ተናግሯል። የኛን ሰዎች ሰብስቦ፣ አገሬ ሃክልፎርድ ነው፤ ኔዘርሎ ያሳለፍኩት ዘመን ያሳፍረኛል ብሏል። ጫካው ይሸተኝ ነበር ብሏል። ከአገሩ ሰው ሁሉ ደግሞ ያስመረሩኝ ንብ አርቢዎቹ ናቸው ብሏል።»

ሮዊና ከመቀመጫዋ ተነሣች። እኔም እጃቸውን ልይዝ ተነሣሁ። የኢኒድ ግራ እጅ ብርድ ልብሱን ጨበጠ። ፊቷ ከግድግዳው ዞረ፤ ቀልቷል። ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ።

«ው» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «ውሸት።»

ሮዊና ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ሚስተር ፕሪስ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ለኢኒድ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው፣ ከክፍሉ ወጡ። ተከትያቸው ብወጣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የተሰደቡ መስሎኝ ላጽናና ስጠጋ ዞሩ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ሰማሻት?» አሉኝ። «ውሸት አለችኝ።»

ኒሻን የተሸለመ ሰው እንኳ እንደዚያ ኮርቶ ሲናገር አላየሁም።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በሳምንት ሁለቴ፣ አደርሳቸው ጀመር። ንግግር የምታለማምዳት ባለሙያ ደነቃት፤ የሚጠቀሙት ዘዴ ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ስድብ ነው አሏት። እሷም ይቀጥሉ አለች። የዘንዶውን ታሪክ ከአንድ ፊደል ንቅንቅ የማያደርጉት ሰው፣ አሁን በየጉዞው መኪናዬ ውስጥ አዲስ ቅጥፈት ሲፈጥሩ ይሄዳሉ። ዘንዶው የኔዘርሎን ማር ቀምሶ ተፍቶታል። ዘንዶው በኔዘርሎ ሰው አነጋገር ይስቅ ነበር። አንዳንዱን አስቀድመው በኔ ላይ ይሞክሩትና በቂ አላናደደሽም ብለው ይጥሉታል።

ኢኒድም ቃላቷን አንድ በአንድ መለሰች፤ በፈለገችው ቅደም ተከተል። ከውሸት ቀጥሎ ውሸታም መጣ። ከሱ ቀጥሎ ዝንብ። ማንኪያ ማለት አቅቷት ቅርፊት፣ ክንፍ፣ ጥፍር ማለት ቻለች። ሻይ ሲቀርብላት ስሙ ይጠፋታል፤ ሲደራችንን ለመስደብ ግን አንድም ጊዜ አልተቸገረችም።

አንድ ቀን ስንወጣ ሮዊና እስከ በሩ ሸኘችን። ስቃ ልትናገረው የፈለገችው ነገር ሳቅ አልሆን አላት።

«እርስዎን ውሸታም ብላ ትጠራለች፤ የኔን ስም ግን እስከ ዛሬ አልጠራችም» አለች። «ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ቀናሁ።»

ሚስተር ፕሪስ የባርኔጣቸውን ጠርዝ በጣታቸው አዞሩ። ስንመለስ በመንገድ ላይ ምንም ቅጥፈት አልሞከሩብኝም።

በሚቀጥለው ጊዜ ገና ተቀምጠው ሳይደላደሉ ስለ ዘንዶው ሳይሆን ስለ ልጅቷ ጀመሩ። ይህች ልጅሽ ማቲልዳ ደህና ሰው ናት አሉ። ኢኒድ ቅንድቧን ቋጠረች። ሮዊና ልታርማቸው አፏን ስትከፍት እኔ ክንዷን ያዝኳት፤ ለምን እንደያዝኳት ገና በደንብ አልገባኝም ነበር። ማቲልዳ ሻይ ብታፈላልን ምን ይመስልሻል አሉ ሚስተር ፕሪስ። ሮዊና ማንቆርቆሪያውን አነሣች። የኢኒድ ግራ እጅ የወንበሩን ክንድ መታ። እሳቸው አላዩም፣ አልሰሙም።

«ማቲልዳን ባየኋት ቁጥር የሚገርመኝ» አሉ፣ «በመልክም በአመልም ቁርጥ የሃክልፎርድ ሰው መሆኗ ነው።»

«ሮ» አለች ኢኒድ። መታች። «ሮ። ዊ።» እንደገና መታች፤ ከመንቀጥቀጧ የተነሣ ወንበሩ ተንገጫገጨ። «ሮዊና። ሮዊና።»

ልጅቷ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች መሬቱ ላይ፣ ከእናቷ ጉልበት ሥር፣ ተቀመጠች። እኛ ወጣን።

መኪናው ውስጥ ስሟን እውነት ረስተውት ነበር ወይ አልኳቸው፤ መልሱን እያወቅኩ።

«እኔ?» አሉ። «ስትጠመቅ ነበርኩ እኮ። ድልድዩን ተሻግሬ፣ ከኋላ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያየኝ ተመለስኩ።»

የበጋው በዓላችን ደረሰ። በዚያ ቀን ከአኻያ ቅርንጫፍና ከአረንጓዴ ጨርቅ የተሠራውን ዘንዶ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሸክመን እስከ ድልድዩ መካከል እንወስደዋለን። ሊቀ ዘንዶ በድምፅ ማጉያ መሞቱንና የኛ መሆኑን ያውጃሉ። ከድልድዩ ወዲያኛው ግማሽ ኢኒድ ተነሥታ ትቃወማለች፤ የኛ ነው፣ ሰርቃችሁታል፣ መልሱት። እሳቸው መልስ ይሰጣሉ፤ መልሱም ረጅም ነው። እውነቱን ለመናገር ሰው ከሩቅ የሚመጣው ለዘንዶው ሳይሆን ለዚህ ጭቅጭቅ ነው። ዘንድሮ ለኔዘርሎ ሌላ ሰው ይናገር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሚስተር ፕሪስ አልፈቀዱም። ቦታዋ ባዶ ይሁን አሉ።

ፀሐያማ ቀን ነበር። እኔ እንደ ወትሮዬ የዘንዶውን የኋላ እግር ተሸክሜያለሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከወዲያ በኩል ያለው ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ ዳር ቆመ። መሐሉን ሮዊና እናቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ኢኒድ የንብ ኮፍያዋን አድርጋለች፤ መረቡን ወደ ላይ ገልብጣዋለች። ሮዊና ለማንም አልነገረችም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሚስተር ፕሪስ። እሳቸው አዋጃቸውን ሊጀምሩ የከፈቱት አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

ከዚያ ሚስተር ፕሪስ መካከሉን አልፈው ወደ ኔዘርሎ ግማሽ ተሻገሩ። ጎንበስ ብለው የድምፅ ማጉያውን አፏ አጠገብ ያዙላት።

ውሃው ከድልድዩ ሥር ይሰማል። ኢኒድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈሯን አዘጋጀች፣ አንድ ጊዜ ተሳስታ እንደገና ጀመረች።

«ዘንዶው» አለች። ቆየች። «የኛ» አለች። ሮዊና ትከሻዋን ያዘች። «ነው።»

የሃክልፎርድ ሰው በሙሉ ወደ ሚስተር ፕሪስ ዞረ። መልሱን በቃላችን እናውቀዋለን፤ በርሜሉን፣ እሳቱን፣ መላጣውን ኮረብታ። በስልሳ ዓመት ውስጥ ሳይሰጡት ያለፉበት ዓመት የለም። ማጉያውን ግን ወደ ራሳቸው አልመለሱትም።

«ድገሚው፣ ኢኒድ» አሉ። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ከኋላ የነበርነው እኛ ነን፤ የዘንዶውን ጅራትና እግር የተሸከምነው። ጥርት አድርገን ሰምተናል። አንዳችንም ሰማን አላልንም።